ኦቴሎን በቃሉ የጻፈው መምህር፦ ስለ ዊልያም ኤምፕሰን

ብራና

በ1937 ማብቂያ ላይ፣ በቻይና ሁናን ግዛት ናንዩ በሚባለው ተራራ፣ አንድ የ31 ዓመት እንግሊዛዊ መምህር የጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጦ የሼክስፒርን ኦቴሎ ይጽፍ ነበር። ከአጠገቡ የተከፈተ መጽሐፍ አልነበረም። የጃፓን ጦር ቤጂንግን ስለያዘ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቤተ መጻሕፍታቸውን ጥለው ወደ ደቡብ ተሰደዋል። ለመምህሩም ለተማሪውም የቀረው በአእምሮው የያዘው ብቻ ነው። ስለዚህ ተውኔቱን ከትዝታው እየቀዳ በወረቀት አሰፈረው፤ ተማሪዎቹም ከዚያ ላይ ተማሩ። ይህን በኋላ ያወሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ሰውየው ዊልያም ኤምፕሰን ነው። በዚህ መድረክ ስለ ደራሲያን ብዙ ተነጋግረናል፤ ስለ ሐያሲ ግን ክር የተከፈተበትን ጊዜ አላስታውስም። ስለዚህ ሰው ለዓመታት አንብቤያለሁና የማውቀውን ላካፍላችሁ፣ እናንተም ጨምሩበት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1906 በዮርክሻየር ከባላባት ቤተሰብ ነው። ካምብሪጅ፣ ሞድሊን ኮሌጅ የገባው ሒሳብ ሊማር ነበር፤ ተማረም። ወደ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የተሻገረው ሒሳቡን ከጨረሰ በኋላ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ግጥምን ሲፈታ የሚታየው ትዕግሥት የሒሳብ ሰው ትዕግሥት ነው። አንድ ስንኝ ስንት መንገድ እንዳለው ሳይቆጥር አያልፍም።

መምህሩ አይ. ኤ. ሪቻርድስ የተረከው ታሪክ አለ። ተማሪው አንድ ቀን መጣና ገጣሚዎቹ ሮበርት ግሬቭስና ሎራ ራይዲንግ አንዲትን የሼክስፒር ሶኔት (ባለ 14 መስመር ግጥም) እንዴት እንደተነተኑ ማውራት ጀመረ። ከዚያ ሶኔቷን ራሱ ያዘና ትርጉም በትርጉም ላይ ይመዝላት ገባ። በመጨረሻም ይህን እኮ በማንኛውም ግጥም ላይ ማድረግ ይቻላል አለ። ሪቻርድስም እንግዲያው ሄደህ አድርገው አለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ 30,000 ቃል ያህል በታይፕ የተመታ ወረቀት በብብቱ ይዞ ተመለሰ። ሰባቱ የአሻሚነት ዓይነቶች የተባለው መጽሐፍ ዘር ይህ ነው። በ1930 ሲታተም ደራሲው 24 ዓመቱ ነበር።

ከመታተሙ በፊት ግን ያልታሰበ ነገር ደረሰበት። በ1929 በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ ኮሌጁ የምርምር ሹመት ሰጥቶት ነበር። ዕቃው ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ሲዛወር የኮሌጁ ሠራተኞች የወሊድ መከላከያ አገኙበት። ሹመቱ ተነጠቀ፣ ስሙ ከኮሌጁ መዝገብ ተሰረዘ፣ ከተማውንም እንዲለቅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቱን ስመለከት አንድ ነገር ይታየኛል፦ ከመጽሐፍ መደርደሪያ የራቀ ሐያሲ ነው። ከ1931 እስከ 1934 ቶኪዮ አስተማረ። በ1937 ቻይና የገባው ጦርነቱ በተቀሰቀሰ ሰሞን ነው። ከስደተኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ከሁናን እስከ ዩናን ተጓዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢቢሲ ውስጥ ከጆርጅ ኦርዌል ጋር የሥራ ባልደረባ ነበር፤ ወደ ቻይና የሚተላለፈውን ስርጭት ያዘጋጅ ነበር። በ1947 ከባለቤቱ ከሄታና ከሁለት ልጆቹ ጋር ወደ ቤጂንግ ተመለሰና እስከ 1952 ቆየ። ከ1953 እስከ 1971 የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1984 አረፈ።

ግጥምን ቀርቦ ማንበብ ሲባል ብዙ ሰው ወንበር፣ ጸጥታና መዝገበ ቃላት ይታየዋል። እኔ የሚታየኝ ያ ተራራ ነው። እስቲ እናንተስ?

የቅኔ ተማሪ

ብራና፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስሙን ሰምቼ ነበር፤ ሕይወቱን ግን አላውቅም ነበር።

ቅር ያለኝ አንድ ቃል አለ፦ አሻሚነት። በእኛ አነጋገር አሻሚ የምንለው ግራ የሚያጋባውን፣ መጥራት ሲገባው ያልጠራውን ነው። ሰውየው ግን የሚያወራው ስለ ጉድለት ሳይሆን ስለ ሀብት ይመስለኛል። ቅኔ ቤት ኅብር የሚባል አለ፤ አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክሞ ሁለቱም በየፊናቸው የሚሄዱበት። ኅብር ብትለው አይቀርብም?

ደግሞም ለአማርኛ አንባቢ ይህ ነገር ባዕድ አይደለም። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ወረቀት ላይ «ሰው አለ» ብለን ብንጽፍ «አለ»ን ያላላው ሰው የተናገረ ሰው ይታየዋል፤ ያጠበቀው ደግሞ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው። ዐይናችን በየመስመሩ እየመረጠ ነው የሚያነበው። ሰባት ዓይነት ነው ያለው፤ እኛ ጋ ሰም ለበሱ፣ ውስጠ ወይራው፣ ኅብሩ ሁሉ ቢቆጠር ከሰባት ያልፋል።

ብራና

በኅብር እስማማለሁ፤ ከእንግዲህ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። ልዩነቱን ግን እንድናይ እፈልጋለሁ። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ራሱ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው፤ ወርቁ ሲፈስስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ወርቁን ያገኘ ሰው ቅኔውን ፈታ ይባላል። ኤምፕሰን ዘንድ የሚቀልጥ ሰም የለም። ፍቺዎቹ ሁሉ አብረው ይቆያሉ፤ የግጥሙ ጣዕም ያለውም በአንዱ ላይ ሳይሆን እርስ በርስ በሚደጋገፉበት ወይም በሚጣሉበት ቦታ ላይ ነው።

ምሳሌው ይኸው። በሼክስፒር 73ኛ ሶኔት ውስጥ ተናጋሪው እርጅናውን ቅጠሉ ከረገፈ ዛፍ ጋር ያነጻጽራል። ቅርንጫፎቹን ደግሞ በቅርቡ ጣፋጭ ወፎች ይዘምሩባቸው የነበሩ፣ አሁን ግን የተራቆቱና የፈረሱ የመዘምራን ስፍራዎች ናቸው ይላቸዋል። ኤምፕሰን እዚህ ላይ ቆመ። ቅርንጫፍ ከመዘምራን ስፍራ ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም የሚዘመርባቸው ናቸው። መዘምራን በረድፍ ይቀመጣሉ። መቀመጫቸው እንጨት ነው፤ እንጨቱም እንደ ዛፍ ጉጥ ተቀርጿል። ዙሪያቸውን የከበባቸው ሕንጻ ጫካ እንዲመስል ሆኖ የታነጸ ነው፤ የመስኮቱ ባለ ቀለም መስተዋት ቅጠልና አበባ ያስመስለዋል። አሁን ግን ሰው የለበትም፤ ግራጫው ግድግዳ የክረምት ሰማይ መስሏል። ደግሞም በሼክስፒር አገር ገዳማት የፈረሱበት ዘመን ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም ነበር። በግጥሙ ውስጥ የሚወደሰው ወጣት ደግሞ የልጅ ዘማሪ ዓይነት ቀዝቃዛ ውበት አለው። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ልባችንን የነካው? አይታወቅም፤ ሁሉም አሉ። የመጀመሪያው ዓይነት የሚለው ይህ ነው።

የቅኔ ተማሪ

ይህን ሳነብ ተነሥቼ ቆምኩ። «የመዘምራን ስፍራ» ብለህ ለሁለት ቃል የሰበርከውን እኛ በአንድ ስም እንጠራዋለን፦ ቅኔ ማኅሌት። የተራቆተ፣ የፈረሰ ቅኔ ማኅሌት! አሁን ማኅሌት የቆመ ሰው ያየውን አስቡት። መዘምራኑ በረድፍ ቆመዋል፤ መቋሚያቸው ሲወጣና ሲወርድ፣ ሲዘነበልም ነፋስ እንደሚያወዛውዘው ቅርንጫፍ ነው። እንግሊዙ መቀመጫውን አይቶ እንጨት አለ፤ እኛ ጋ እንጨቱ በሰው እጅ ላይ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ያንን ሁሉ አንሡና ባዶውን ክብ አስቀሩት። ሼክስፒር ይህን አያውቅም፤ ትርጉሙ ግን ይሸከመዋል።

ስለ ሰሙ መቅለጥ ያልከውን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። ጥሩ የቅኔ መምህር ወርቁን ካወጣህ በኋላ ወደ ሰሙ መልሶ ይልክሃል። ሰሙ ካላማረ ቅኔው አላማረም። ይህን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ዝምተኛ አንባቢ

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። በ1929 የተደረገበት ነገር ኋላ ታረመለት ወይስ እንደተጣለ ቀረ?

ብራና

በ1979 ያው ኮሌጅ የክብር አባል አድርጎ መልሶ ተቀበለው። በዚያው ዓመት ከመንግሥት የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። ልክ 50 ዓመት መሆኑ ነው። ባያባርሩት ኖሮ ምናልባት ካምብሪጅ ተቀምጦ ያረጅ ነበር፤ ቶኪዮም ናንዩም ባልኖሩ። ነገር ግን ይህን ብዬ በደሉን በጎ ላደርገው አልፈልግም። አንድ የ22 ዓመት ወጣት ዕጣ ፈንታው በአንድ መሳቢያ ተወስኖበታል።

የእንግሊዝኛ መምህርት

ብራና፣ ኦቴሎን በቃሉ መጻፉን አንሥተህ ወሳኙን ነገር ዘለልከው! ይህ ተውኔት እኮ በ1951 ባሳተመው፣ ስለ ውስብስብ ቃላት አወቃቀር በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። በኦቴሎ ውስጥ እንግሊዝኛው «ኦነስት» የሚለው ቃል ከዝርያው ጋር 52 ጊዜ እንደሚመጣ ቆጥሮ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፈበት። ተውኔቱን ቃል በቃል በጣቱ ያወጣ ሰው ያንን ቃል ስንት ጊዜ እንደመታው ጣቱ ያውቀዋል። ማስረጃ የለኝም፤ ግን ምዕራፉን ባነበብኩ ቁጥር ያ የጽሕፈት መኪና ይሰማኛል።

ቃሉን ለተማሪ ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ላሳያችሁ። ተንኮለኛውን ኢያጎን ሁሉም ሰው ኦነስት ይለዋል። በአማርኛ ምን እንበለው? ታማኝ ካልን ለጌታው ያደረ አገልጋይ ይሆናል። ሐቀኛ ካልን የማይዋሽ። ቅን ካልን ተንኮል የሌለበት። ለሴት ሲነገር ደግሞ ቃሉ ንጽሕናን ያመለክታል፤ ለዚያ ጨዋ የሚለው ይቀርባል። ይህ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን የበላይ የበታቹን ኦነስት ሲለው ከላይ ወደ ታች የማየት ቃና አለው፤ ደህና ሰው ነው፣ ግን ከእኔ በታች ነው እንደማለት። በሌላ ወገን ደግሞ የልቡን የሚናገር፣ ጨዋታ አዋቂ፣ የወግ ልባስ የማይወድ ሰው ማለት ነው።

ኤምፕሰን እንዳሳየው እነዚህ ፍቺዎች በአንድ ቃል ውስጥ ይከራከራሉ፤ ኦቴሎም የሚጠፋው በዚያ ክርክር ውስጥ ነው። ኢያጎ ያልሸፈነ አንደበት ስላለው ታማኝ የሆነ ይመስላል። አንዱ ፍቺ ለሌላው ዋስ ሆኖ ይቆምለታል፤ ዋሱ ግን ባዶ ነው። እኛ አገር የወጣው ትርጉም የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው፤ መጽሐፉ ያለው ሰው ካለ ይህን ቃል በየቦታው እንዴት እንደመለሰው አይቶ ቢነግረን ደስ ይለኛል።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ በንጉሥ ሊር «ሞኝ»ን፣ በሚልተን ገነት የጠፋች ግጥም ደግሞ «ሁሉ» የሚለውን ቃል ይከተላል። «ሁሉ»ን አስቡት! ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ቃል።

ደጀ ሰላም

ሚልተን ከተነሣ ዝም ብሎ ማለፍ አልቻልኩም። ይህ ሰው በ1961 የሚልተን አምላክ የሚል መጽሐፍ እንደጻፈ ማንም አላነሣም። ገነት የጠፋችን የሚያደንቀው በእርሱ አስተያየት ግጥሙ የክርስቲያኖችን አምላክ ጨካኝ አድርጎ ስላሳየው ነው። ከመላእክትና ከአዳም ጋር ያለውን ንግግር ሁሉ እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ይመረምራል። ለአማኝ ሰው ይህ ያማል፤ እኔን አሞኛል።

ይሁንና ስለ ንባቡ የተለየ ነገር ልናገር። የመጀመሪያው መጽሐፉ ሰባተኛው ዓይነት በጆርጅ ኸርበርት መሥዋዕት በተባለ ግጥም ይጠናቀቃል። በግጥሙ የሚናገረው የተሰቀለው ክርስቶስ ነው፤ በየአንቀጹ መጨረሻ እንደ እኔ ያዘነ አለን ብሎ ይጠይቃል። ሰው ፍሬውን ሰረቀ፣ እኔ ግን ዛፉ ላይ መውጣት አለብኝ የሚል መስመር አለ። ኤምፕሰን በዚህ መስመር ውስጥ ፍሬ ሊሰርቅ ዛፍ የሚወጣ ልጅ አየ፤ ስለዚህ ንጹሑ እንደ ጥፋተኛ፣ ጥፋተኛው እንደ ንጹሕ ሆነው ይደባለቃሉ አለ።

ሮዝመንድ ቲዩቭ የተባሉ ምሁር በ1950 አካባቢ መለሱለት። ይህ የኸርበርት ፈጠራ አይደለም፣ የስቅለት ዕለት በቤተ ክርስቲያን ከሚባለው ወቀሳ የወረደ ጥንታዊ ልማድ ነው አሉ። ልማዱን የማያውቅ ሰው የሌለ ሽሙጥ ያነባል ማለታቸው ነው። እኔ በቲዩቭ እስማማለሁ። በሰሞነ ሕማማት ቤተ ክርስቲያን የቆመ ሰው ዕፀ በለስና ዕፀ መስቀል ተያይዘው መነገራቸው አያስደነግጠውም፤ ከልጅነቱ ሰምቶታል።

ብራና

ደጀ ሰላም፣ ቅሬታዎን አከብራለሁ፤ ስላነሡትም አመሰግናለሁ። የሚልተኑን መጽሐፍ እኔም የማነበው እየተሟገትኩት ነው። አንድ ነገር ልበልለት ግን፦ በልቡ የሚያምነውን አልሸሸገም፤ ሌላ ሐያሲ ቢሆን በለሰለሰ ቃል ያልፈው ነበር።

በኸርበርት ላይ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ልበል? ኤምፕሰን ለቲዩቭ መልስ ሰጥቷል፤ የሐሳቡም መሠረት ልማዱን ማወቅ የመስመሩን ኃይል አያጠፋውም የሚል ነው። ከልጅነታችን የሰማነው ነገር ስለለመድነው አያስደነግጠንም እንጂ አስደንጋጭ አይደለም ማለት አይቻልም። እርስዎ ከልማዱ ውስጥ ቆመው ያያሉ፣ እሱ ከውጭ። የልጁን ዛፍ መውጣት ካነበብኩ በኋላ ግን እኔ በበኩሌ መስመሩን ያለ እሱ ማንበብ አልቻልኩም።

ሁለተኛ ንባብ

ክሩ ደስ ይላል፤ ግን ሁላችሁም ትዝታውን ስታወድሱ አንድ እውነት ተረሳ። ኤምፕሰን በትዝታው እየጠቀሰ ብዙ ጊዜ ተሳስቷል። በመጽሐፎቹ ውስጥ ቃል የተለወጠባቸው፣ መስመር የተዛባባቸው ጥቅሶች እንዳሉ አንባቢዎቹ አሳይተዋል። በአንዲት ቃል ላይ ሦስት ገጽ የሚጽፍ ሰው ያቺን ቃል ተሳስቶ ቢይዛትስ? ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለመምህር ደግሞ ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ ብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ኤምፕሰንን ከአሜሪካኖቹ የአዲሱ ሂስ ሰዎች ጋር ይደምረዋል። ስህተት ነው። አሜሪካውያኑ ምሁራን ዊምሳትና ቢርድስሊ በ1946 የደራሲው ሐሳብ ለፍርድ መለኪያ አይሆንም ብለው ሲጽፉ እሱ ተቃወመ፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻም ተቃወመ። ሰው ሲናገር ምን ሊል እንደፈለገ መገመት የየዕለት ሥራችን ነው፣ ግጥም ላይ ስንደርስ ለምን ይከለከላል የሚል ነው አቋሙ። በ1984 የወጣው መጽሐፉ ርዕስ ራሱ የደራሲን ሕይወት ለንባብ ስለ መጠቀም ይናገራል።

ብራና

ስለ ጥቅሶቹ ያልከው እውነት ነው፤ አልከላከልለትም። ቀድሜ ማንሣት የነበረብኝ እኔ ነኝ። መጽሐፍ ባለበት ከተማ ተቀምጦ አለማመሳከር ጥፋት ነው። መጽሐፍ በሌለበት ተራራ ላይ ግን ያው ልማድ ለተማሪዎቹ ምግብ ሆናቸው። አንዱን ከሌላው ለይቼ ማየት አልችልም፤ አንድ ሰው ነው።

ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል በኋላ የቻይና ታላቅ ገጣሚ የሆነው ሙ ዳንና የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ዋንግ ዝዎልያንግ ነበሩ። በሁለተኛው የቤጂንግ ቆይታው ደግሞ፣ በ1948 ማብቂያ ከተማዋ በተከበበች ጊዜ፣ ከከተማው ውጭ ወደሚገኘው ወደ ቺንግኋ ዩኒቨርሲቲ ሼክስፒርን ሊያስተምር የሁለቱን ጦር መስመር ያቋርጥ ነበር ይባላል። ክፍሉ እንዳይታጠፍ ብሎ።

ዝምተኛ አንባቢ

ከየት ልጀምር? እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው።

ብራና

ሰባቱን ዓይነቶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማንበብ አትሞክር፤ ያደክምሃል፣ ዓይነቶቹም እርስ በርስ ይደባለቃሉ። መጀመሪያ ሶኔት 73ን ብቻዋን አንብብ፤ ከተቻለ በቃልህ ያዛት። ከዚያ እሱ ስለ እሷ የጻፈውን አንድ አንቀጽ። ቀጥሎ መምህርት ያነሣችውን የኦቴሎ ምዕራፍ። ስለ ቡድሃ ፊት የጻፈው መጽሐፍም አለ፤ የእጅ ጽሑፉ ለአሥርተ ዓመታት ጠፍቶ ተገኝቶ በ2016 ታተመ። እሱ ከግጥም ይልቅ ስለ ሐውልት ነው፤ የፊቱ ቀኝና ግራ የተለያየ ስሜት እንደሚያሳይ ይከራከራል። እዚያም ያው ሰው ነው፤ በአንድ ፊት ላይ ሁለት ነገር ያያል።

የእንግሊዝኛ መምህርት

ከሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ከሶኔት 73 ያቺን ስለ መዘምራን ስፍራ የምትለውን መስመር በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ምንም ሳልነግራቸው ለተማሪዎቼ ተውኳት። መጀመሪያ ጸጥ አሉ። ከዚያ አንዱ፣ «ኳየር» የሚለው ቃል መዘምራኑን ነው ወይስ ቦታውን ብሎ ጠየቀ። የቅኔ ተማሪ እዚህ የጻፈውን ቅኔ ማኅሌት ሰጠኋቸው፤ ክፍሉ ተንጫጫ። ሁለት ልጆች መቋሚያ ይዘው የመጡ ይመስል እጃቸውን እያወዛወዙ ያሳዩ ጀመር።

ከኋላ የተቀመጠች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች። በመስመሩ ውስጥ «በቅርቡ» ብለን የተረጎምነው የእንግሊዝኛ ቃል እኮ የሞተ ሰው ስም ፊትም ይገባል፣ «ሟቹ» ለማለት፤ ታዲያ ወፎቹ ሄደዋል ወይስ ሞተዋል አለችኝ።

ኤምፕሰን በዘረዘራቸው ምክንያቶች ውስጥ ይህ እንዳለ አላስታወስኩም። ቤት ገብቼ መጽሐፉን ከፈትኩ፤ የለም። ነገ ክፍል ስገባ የምነግራት ይህንኑ ነው።